የመንግሥትን ኪስ የፈተሹት ሽማግሌ

ስለ መቅደላ ስናወራ የምናወራው ስለ አጼ ቴዎድሮስ ሽጉጥ፣ ስለ ሴባስቶፖል መድፍና ስለተዘረፈው ቅርስ ነው። አያስወቅስም፤ ቁስላችን ያለው እዚያ ነው። እኔ ግን ስለዚያ ዘመቻ ሳነብ ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ሆነ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ተመልሶ አገሩ ሲገባ የጠበቀው ሽልማትና ሆታ ብቻ አልነበረም፤ የሒሳብ ጥያቄም ነበር። መንግሥት ለዘመቻው ብሎ መጀመሪያ ከምክር ቤቱ የጠየቀው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። መጨረሻ ላይ የወጣው ግን ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። የሕዝብ እንደራሴዎቹም መርማሪ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ ብለው ምስክር መስማት ጀመሩ።

የተሸነፈ ጦር ሲመረመር ሰምቻለሁ። አሸንፎ የተመለሰ ጦር ደረሰኝ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነገሩን ወደኋላ እየተከተልኩ ስሄድ የደረስኩት አንድ ሰው ዘንድ ነው፤ ዊሊያም ኢዋርት ግላድስተን። አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አራት ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑ፣ ከ60 ዓመት በላይ በምክር ቤት የተቀመጡ ሰው ናቸው። ሕይወታቸውን ሳነብ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ምክር ቤት መንግሥትን በውጭ ጉዳይ የሚይዘው በኪሱ በኩል ነው። ኪስ ያልነካ ጉዳይ ግን በቀላሉ ያመልጠዋል። ካመለጡት ጉዳዮች አንዱ ደግሞ ለእኛ የባሕር በር ታሪክ ከባድ ዳፋ ያመጣ ነው። እዚያ እስክንደርስ ድረስ አንባቢ ይታገሰኝ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነጋዴው ልጅ

ግላድስተን የተወለዱት በታኅሣሥ 1809 በወደብ ከተማዋ በሊቨርፑል ነው። አባታቸው ጆን ግላድስተን ከስኮትላንድ የመጡ ቱጃር ነጋዴ ነበሩ። የሀብታቸው አንዱ ምንጭ በደመራራና በጃማይካ የነበራቸው በባሪያ ጉልበት የሚለማ የሸንኮራ እርሻ ነው። ልጁ በኢተን ተምረው ኦክስፎርድ ገቡ፤ በጥንታዊ ቋንቋዎችም በሒሳብም ከፍተኛውን ማዕረግ ይዘው ወጡ። ቄስ የመሆን ሐሳብ ነበራቸው። አባት ግን ልጃቸውን የፈለጓቸው ለፖለቲካ ነበር። በታኅሣሥ 1832፣ 23 ዓመት ሳይሞላቸው፣ የኒዋርክ ከተማን ወክለው ምክር ቤት ገቡ።

የወጣቱ እንደራሴ የመጀመሪያ ትልቅ ንግግር የሚያኮራ አልነበረም። በ1833 ባርነትን የሚያስቀረው ሕግ ሲቀርብ፣ ግላድስተን ተነስተው የእርሻ ባለቤቶችን፣ ከእነሱም ውስጥ አባታቸውን ተከላከሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ያን ጊዜ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለ። የተከፈለው ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነው። የግላድስተን አባት ከ2,500 በላይ በሚሆኑ ሰዎች ስም ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ወሰዱ። በኋላ ዘመን እያንዳንዷን የመንግሥት ሳንቲም የሚቆጥሩት ሰው ቤት፣ ከሕዝብ ግምጃ ቤት የወጣ እንዲህ ያለ ገንዘብ ገብቶ ነበር። ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብኛል።

ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ግላድስተን እናያለን። በ1840 የእንግሊዝ መንግሥት ቻይና ኦፒየም አላስገባም ስላለች ጦር ላከባት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጉዳዩ በምክር ቤት ሲቀርብ ግላድስተን ጦርነቱ ፍትሕ የጎደለውና ለአገራቸው የዘላለም ኃፍረት መሆኑን ተናገሩ። መንግሥት የዳነው በ9 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። ያን ቀን ክርክሩ ስለ ክብር ነበር። ግላድስተን ክብር ብቻውን መንግሥትን እንደማያስቆም የተማሩት ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የያዙት መሣሪያ የሒሳብ መዝገብ ሆነ።

ጦርነት በግብር

በ1852 መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ያቀረቡት የበጀት ንግግር ወደ አምስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ። ሰዉ ግን ሳይሰለች እንደሰማቸው ይነገራል። ዕቅዳቸው የገቢ ግብርን ደረጃ በደረጃ ቀንሶ በ1860 ጨርሶ ማስቀረት ነበር። ዓመት ሳይሞላ የክራይሚያ ጦርነት መጣና ዕቅዱን በላው።

እዚህ ላይ ግላድስተን ያደረጉት ነገር ልብ የሚባል ነው። ብዙ መንግሥታት ለጦርነት ይበደራሉ፤ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፣ የዛሬው ሰው ደግሞ እየዘፈነ ወታደር ይሸኛል። ግላድስተን ይህን ተቃወሙ። በእሳቸው እምነት ጦርነት የሚፈልግ ትውልድ ዋጋውን ራሱ መክፈል፣ ያውም ዛሬውኑ መክፈል አለበት። ኪሱ ሲጎድል ያኔ ሰላም ምን ያህል እንደሚረክስ ይገባዋል። በዚህ ሐሳብ በ1854 የገቢ ግብሩን በእጥፍ አሳደጉት።

ይሁን እንጂ በዚያው ጦርነት ምርመራ ሲመጣ ግላድስተን የቆሙት በተቃራኒው ወገን ነበር። ወታደሩ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ እንዳለቀ ጋዜጦች ሲጽፉ፣ ሮባክ የተባሉ እንደራሴ የጦርነቱን አመራር የሚመረምር ኮሚቴ ይቋቋም ብለው በጥር 1855 ሐሳብ አቀረቡ። ግላድስተን ምክር ቤቱ በጦርነት መሐል የመንግሥትን ሥራ መንጠቅ የለበትም ብለው ተከራከሩ። ሐሳቡ በ305 ለ148 ድምፅ አለፈ፤ መንግሥት ወደቀ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓልመርስተን ኮሚቴውን ሲቀበሉ ግላድስተን ሥልጣን ለቀቁ። እንግዲህ ሰውየው የተወለዱ መርማሪ አልነበሩም። የምርመራን ጥቅም ያስተማራቸው ጊዜና የሌሎች ሰዎች ብክነት ነው።

ዘጠኙ ሰዎች

በ1859 ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመለሱ። ፓልመርስተን ለምሽግና ለመርከብ ገንዘብ አምጣ ይላሉ፣ ግላድስተን ለምን ይላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ካቢኔ ተቀምጠው ዓመታት ተጨቃጨቁ። የሻማ ቁራጭ ሳይቀር መቆጠብ አለበት የሚል ስም የወጣላቸው በቁጠባ ጥብቅነታቸው ነው።

ትልቁ ሥራቸው ግን ቁጠባው አይደለም። በ1861 በእሳቸው አነሳሽነት ምክር ቤቱ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴን አቋቋመ። ዘጠኝ አባላት ነበሩት። ሥራውም ምክር ቤቱ የፈቀደው ገንዘብ ለተፈቀደለት ጉዳይ መዋሉን ማጣራት ነው። እስከዚያ ድረስ ምክር ቤቱ ገንዘብ ይፈቅዳል፤ ገንዘቡ ምን እንደሆነ ግን በቅጡ ተከታትሎ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለአንድ ሥራ ገንዘብ ሰጥቶ ደረሰኝ እንደማይቀበል የቤት ባለቤት ማለት ነው።

በ1866 ደግሞ የግምጃ ቤትና የኦዲት ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ዋና ተቆጣጣሪና ኦዲተር የሚባል ሹም ፈጠረ። ሹሙን ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ካልጠየቁ በቀር መንግሥት ከሥራው ሊያነሳው አይችልም። በዚህ ዓይነት ክቡ ተዘጋ። ምክር ቤት ይፈቅዳል፣ መሥሪያ ቤት ያወጣል፣ ኦዲተር ይመረምራል፣ ኮሚቴው መልሶ ለምክር ቤት ይናገራል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከተቃዋሚው ወገን መሆኑም ጊዜ ያጸናው ልማድ ሆነ። ዛሬ በብዙ አገሮች የምናየው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ መነሻው ይኸው ነው።

የመቅደላ ሒሳብ

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። ሕንድ በ1858 ከንግድ ኩባንያው እጅ ወጥታ በቀጥታ በዘውዱ ሥር ስትገባ፣ በወጣው ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ያደረጉት ግላድስተን ነበሩ። አንቀጹ ወረራ ለመመከት ካልሆነ በቀር የሕንድ ገንዘብ ከድንበሯ ውጪ ለሚደረግ ጦርነት ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይውል ይከለክላል። አጼ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ ጦር እንዲላክ በ1867 ሲወሰን፣ ጦሩ የሚነሳው ከቦምቤ ነበርና ምክር ቤቱ በኅዳር ወር በልዩ ስብሰባ ተጠራ።

ያን ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤንጃሚን ዲስራኤሊ ናቸው፤ የግላድስተን የዕድሜ ልክ ባላንጣ። 2 ሚሊዮን ፓውንድ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም። እንደራሴዎቹ ያጉረመረሙት መንግሥት ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት መርከብ መከራየትና በቅሎ መግዛት ጀምሯል ብለው ነው። የገቢ ግብሩ በፓውንድ ከ4 ወደ 5 ፔንስ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ወደ 6 ፔንስ አደገ። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት እንስሳና 44 ዝሆን ይዘው ዙላ ወረዱ። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ላይ አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ቅርሱ ተጫነ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ተጫረተ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ዲስራኤሊ ተሸንፈው ግላድስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የመቅደላን ሒሳብ የወረሱት እሳቸው ናቸው። የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ በ1869 እና በ1870 ምስክር እየሰማ፣ 2 ሚሊዮኑ እንዴት ወደ 9 ሚሊዮን እንደተጠጋ አጣራ። ከወጪው ትልቁ ድርሻ የማጓጓዣ ነበር፤ መርከብ ኪራይና በየአገሩ ተሸምቶ ዙላ ላይ በውሃ ጥም ያለቀው የበቅሎ መዓት። በዚህ ምክንያት እስር ቤት የገባ ሰው አላገኘሁም። ነገር ግን ጥያቄው በአደባባይ ተጠየቀ፣ መልሱም በመዝገብ ሰፈረ። እኛ ዛሬ የዘመቻውን ወጪ የምናውቀው በዚያ መዝገብ ነው።

በሰኔ 1871 ጉዳዩ ዳግመኛ ተነሳ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ የገዛው የወርቅ ዘውድና ጽዋ በምክር ቤቱ አነጋገረ። ግላድስተን እነዚህ ዕቃዎች ከኢትዮጵያ መምጣታቸው በእጅጉ እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። ዕቃዎቹ ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ብቻ መያዝ አለባቸው የሚለውን የናፒየርን አስተያየትም ጠቀሱ። ይሁንና ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዘኑ እንጂ አልመለሱም። ዘውዱና ጽዋው ለንደን ቀሩ፤ መቅደላ 150 ዓመት በሞላው በ2018 ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ለዕይታ ያቀረባቸው እነሱኑ ነው። ለዘመቻው ወጪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ለዘረፋው ግን ኀዘን ብቻ።

ከተቃዋሚ ወንበር

በ1874 ምርጫውን ዲስራኤሊ አሸነፉ። በኅዳር 1875፣ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ሳለ፣ የግብፁን ከዲቭ እስማኤልን የስዊዝ ካናል አክሲዮኖች ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጋ ፓውንድ ገዙ። ገንዘቡ የመጣው ከባንክ ባለቤቶቹ ከሮትሽልድ ቤት ነው፤ ለብድሩ ሁለት ተኩል በመቶ ኮሚሽን ተከፈለ። እስማኤል ይህን ያህል የከሰሩት በብድርና በድግስ ነው። በዚያው በኅዳር ወር ጦራቸው ጉንደት ላይ በአጼ ዮሐንስ ሠራዊት ተደምስሶ ነበር። ምክር ቤቱ በ1876 ሲከፈት ግላድስተን ምክር ቤቱ ሳይጠየቅ እንዲህ ያለ ገንዘብ እንዴት ወጣ፣ ኮሚሽኑስ ለምን ይህን ያህል ሆነ ብለው ተቹ።

ከዚያ በኋላ አላረፉም። በ1878 መንግሥት ከቱርክ ጋር በምስጢር ተዋውሎ ቆጵሮስን ያዘ። በዚያው ዓመት አፍጋኒስታን፣ በ1879 ዙሉላንድ ጦርነት ተከፈተ። ግላድስተን 70 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ስኮትላንድ ወርደው በሚድሎትያን አውራጃ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞሩ ለተራው ሕዝብ ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ በጀት ጉድለት አስተማሩ። የዙሉ ሞትና የአፍጋን ገበሬ ቤት መቃጠል ከእንግሊዝ ግብር ከፋይ ኪስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አስረዱ። በ1880 ሕዝቡ መረጣቸው።

ወንበሩ ሲዞር

እዚህ ላይ ታሪኩ ይመራል። ሌላውን የሚጠይቅ ሰው ራሱ ተጠያቂ ሲሆን ነው የሚታወቀው።

በሐምሌ 1882 የግላድስተን መንግሥት እስክንድርያን በመድፍ ደበደበ፤ በመስከረም ግብፅን ያዘ። የረጅም ዘመን ወዳጃቸው ጆን ብራይት ይህን አልሸከምም ብለው ከካቢኔው ወጡ። ግላድስተን እንደ እምነታቸው 2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ከምክር ቤቱ ጠይቀው፣ የገቢ ግብርም ጨምረው ጦርነቱን ከፈሉ። በሥርዓቱ አልፈዋል። ምክር ቤቱ ያልጠየቀው ግን አንድ ነገር ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካላቸው የግል አክሲዮንና ቦንድ ውስጥ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሚሆነው በግብፅ ብድር ላይ የዋለ ነበር። ግብፅ ስትያዝ የቦንዱ ዋጋ ጨመረ። ለዚህ ብለው ዘመቱ ማለት አልችልም። ነገር ግን በዲስራኤሊ ጊዜ ቢሆን ግላድስተን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ የሚያልፉ አይመስለኝም።

ከግብፅ ጋር ሱዳን መጣች። በመሐዲው ጦር የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች እንዲያስወጡ ጄኔራል ጎርደን በ1884 መጀመሪያ ካርቱም ተላኩና ራሳቸው ተከበቡ። ግላድስተን አዳኝ ጦር ለመላክ ወራት ፈጀባቸው፤ 300 ሺህ ፓውንድ የጠየቁት በነሐሴ ነው። ጥር 26 ቀን 1885 ካርቱም ወደቀች፣ ጎርደን ተገደሉ። አዳኙ ጦር የደረሰው ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። ታላቁ ሽማግሌ ይባሉ የነበሩት ሰው የቅጽል ስማቸው ፊደላት ተገልብጠው የጎርደን ገዳይ ተባሉ። የወቀሳ ሐሳብ ቀርቦባቸው በ14 ድምፅ ብልጫ ብቻ ተረፉ።

ምጽዋ

ለጎርደን እንዲህ የተናወጠው ምክር ቤት በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር አለፈው። ሰኔ 3 ቀን 1884 አድሚራል ሂወት በዓድዋ ከአጼ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረሙ። አጼ ዮሐንስ በከሰላና በአካባቢው የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ ሊረዱ፣ እንግሊዝም በበኩሏ ቦጎስ እንዲመለስላቸውና በምጽዋ በኩል ዕቃ፣ የጦር መሣሪያም ጭምር፣ በእሷ ጥበቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ልታደርግ ቃል ገቡ። ራስ አሉላ የድርሻቸውን ተወጡ፤ ኩፊት ላይ ደም ፈሰሰ።

ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 5 ቀን 1885፣ የጣሊያን ጦር ምጽዋ ወረደ። የግላድስተን መንግሥት አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ አልተቃወመምም። ወደቡን ራሱ መጠበቅ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ጣሊያን ብትይዘው ግን የእንግሊዝ ግብር ከፋይ አንዲት ፔኒ አያወጣም። ያ የሚደነቀው ቁጠባ እዚህ ላይ በሌላ ሰው ኪሳራ የተገኘ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ለአጼ ዮሐንስ የተገባው ቃል ስምንት ወር ብቻ ዕድሜ አገኘ። ከዚያ ዶጋሊ መጣ፣ ከዚያም ዓድዋ።

እኔን የቆረቆረኝ ይህ ነው። በቅሎ ስንት ተገዛ ብሎ ኮሚቴ ያቋቋመ ምክር ቤት፣ የተፈረመ ውል ሲፈርስ ለምን ኮሚቴ አላቋቋመም? መልሱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ዘመን ውል መዋዋል የዘውዱ ሥልጣን ነው፤ የምክር ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም። ገንዘብ ካልተጠየቀበት ደግሞ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር የለም። በእንግሊዝ ምክር ቤቱ በውሎች ላይ በሕግ የተደነገገ ሥልጣን ያገኘው በ2010 ነው።

መጨረሻ

ግላድስተን በ1886 ለጥቂት ወራት፣ ከ1892 እስከ 1894 ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የመጨረሻው ጠባቸውም በወጪ ላይ ነበር። የባሕር ኃይሉ ብዙ አዳዲስ መርከቦች እንዲሠሩለት ጠየቀ። ግላድስተን ይህ አውሮፓን ወደ ጦር መሣሪያ እሽቅድምድም የሚገፋ እብደት ነው አሉ። ካቢኔያቸው አልተከተላቸውም። በመጋቢት 1894፣ በ84 ዓመታቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ ጆሯቸው ከብዶ ሥልጣን ለቀቁ። ግንቦት 19 ቀን 1898 ሃዋርደን በሚገኘው ቤታቸው አረፉ፤ በዌስትሚንስተር አቤይ ተቀበሩ። ከሞቱ 20 ዓመት ሳይሞላ አውሮፓ የፈሩት እሳት ውስጥ ገባች።

ሰውየውን ጻድቅ አድርጌ ልተርክ አልተነሳሁም። በወጣትነታቸው የባሪያ ጌቶችን ተከራክረዋል፣ በሽምግልናቸው ግብፅን ይዘዋል፣ ለአጼ ዮሐንስ የተገባው ቃል የፈረሰው በእሳቸው ዘመን ነው። ነገር ግን ትተውት የሄዱት ኮሚቴ ለዲስራኤሊም ለእሳቸውም አላደላም። ሰው ይለዋወጣል፤ ከተቃዋሚ ወንበር ወደ ሥልጣን ወንበር ሲሻገር ዓይኑ ይጠብባል። የማይለዋወጥ ጠያቂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ሕገ መንግሥት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸናው፣ በወረቀት ላይ ከግላድስተን ዘመን ምክር ቤት የበለጠ ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። በጀት ማጽደቅ ብቻ አይደለም፤ የጦርነት አዋጅም ሆነ መንግሥት ከውጭ የሚዋዋለው ውል የሚጸድቀው በዚያ ነው። ዋናው ኦዲተርም ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚያ ነው። አንቀጹ አለ። አንቀጽ ግን ብቻውን አይጠይቅም፤ ተነስቶ ስንት ወጣ፣ ማንስ ፈረመ የሚል ሰው ይፈልጋል። ምጽዋ በ1885 የጠፋችው ጠያቂ ባጣ ቀን ነው።